ማጨስ ክልል ነው

አጫሽ የሚባል ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ያየኋቸው ሁሉ ሲጋራ እየተዉ ያሉ ሰዎች ናቸው። አንዱ ከሰኞ ጀምሮ ይተዋል፣ አንዱ ቤቱን ሠርቶ ሲጨርስ፣ አንዱ ልጁን ሲድር። የዚህ ታላቅ ማኅበር የዕድሜ ልክ ሊቀመንበር ደግሞ ክቡር አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ንግግሩ አንድ ነው፤ "እየተውኩት ነው እኮ!" ይህን ሲል ጭሱ ከቃሉ ጋር አብሮ ይወጣል።

አጎቴ የማስታወቂያ ጽሑፍ ሠራተኛ ነው። የሱቅ ስም፣ የቢሮ በር፣ የመኪና ጎን በቀለም ይጽፋል። ቤቱ አንድ ክፍል ሆኖ መሃሉ ላይ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ወዲህ መሥሪያው፣ ወዲያ ደግሞ አልጋው፣ የልብስ ስፌት መኪናውና ሚስቱ። እኔ እትዬ ነው የምላት። እዚያው ተቀምጣ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። አጎቴ መጋረጃውን እንደ ግንብ ነው የሚቆጥረው። "እኔ የማጨሰው ወዲህ ነው፤ እሷ ያለችው ወዲያ ነው" ይላል፣ ድንበር እንዳስከበረ ሰው። መጋረጃው ሲገዛ ነጭ ነበር አሉ። እኔ የማውቀው ቢጫ ሆኖ ነው።

ሲተው ደግሞ በዘዴ ነው። አንድ ሰሞን መግዛት ተወ፤ ማጨሱን ግን አልተወም፣ ሰፈሩ ሁሉ እየጋበዘ ያስተወው ጀመር። ሌላ ጊዜ በማስቲካ እለውጠዋለሁ ብሎ፣ ማስቲካ እያኘኩ ማጨስን ተማረ።

"ጋሼ፣ ለምን ባንዴ አትገላገልም?" ብዬ ብጠይቀው፣

"አንቺ ልጅ፣ ሳንባ እኮ እንደ ሰው ነው። ድንገት ንጹህ አየር ሲያገኝ ይደነግጣል" አለኝ።

ለሳንባው ድንጋጤ የሚጨነቀውን ሩቡን ለሚስቱ ቢጨነቅላት! ቆሽቴ ያርራል።

ፓኬቱ ላይ የበሰበሰ ሳንባ ፎቶ ከነማስጠንቀቂያው ይታተም ተብሎ የታዘዘ ጊዜ ደስ አለኝ። አሁንስ አይተርፍም ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት። መነጽሩን አድርጎ ፓኬቱን አገላበጠው። "ወይ ጉድ!" አለ ራሱን እየነቀነቀ። ልቤ በደስታ ዘለለች።

"ይሄን የጻፈው ሰው ብሩሽ ይዞ አያውቅም። 'ገ'ን እያት፣ እግሯ ተወላግዷል። 'ይገድላል' ተብሎ እንዲህ ይጻፋል?"

ከዚያ ሕጉ መጣ። በቢሮ፣ በምግብ ቤት፣ ሕዝብ በሚገባበት ሁሉ ማጨስ ተከለከለ፤ ክልከላው በጉልህ ተጽፎ ይሰቀል፣ ያልሰቀለ ይቀጣል ተባለ። ከተማው ወደ ማን ሮጠ? ወደ ክቡር አጎቴ። ቀኑን ሙሉ "ማጨስ ክልክል ነው" ሲጽፍ ይውላል፤ ሲጋራው ከከንፈሩ ጥግ ተንጠልጥሎ፣ ከጭሱ የተነሣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ። "ይሄን ሕግ ያወጡ ይባረኩ! ለጤናችን የሚያስብ ሰው አገኘን" ይላል። ሥራው ሲበዛ ጭሱም በዛ። ከየምግብ ቤቱ የተባረረው ጭስ ሁሉ እነእትዬ ቤት የተጠለለ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ለአንድ ትልቅ ሕንፃ መግቢያ የሚሆን ሰሌዳ ሲጽፍ፣ "ማጨስ ክል" ላይ እንደ ደረሰ ሲጋራው አልቆ ከንፈሩን ለበለበው። ዘሎ ተነሣ፣ ተራገመ፣ ሌላ ለኮሰ፣ ተመልሶ ተቀመጠና ካቆመበት የቀጠለ መስሎት አንዲት "ክ" ዘለለ። ሰሌዳው "ማጨስ ክልል ነው" ብሎ ተሰቀለ። ከአጫሾች በቀር ልብ ያለው ሰው የለም። አጫሾች ደግሞ ለሰዋስው ሲጨነቁ አይቼ አላውቅም፤ ከየቢሮው እየወረዱ ሰሌዳው ሥር ተኮልኩለው ያቦኑት ጀመር። የሕንፃው ጥበቃ "ኧረ ውጡልኝ!" ሲላቸው፣ "ማንበብ አትችልም እንዴ? ክልል ነው ይላል። ክልላችን ውስጥ ነን" ይሉታል።

ባለ ሕንፃው ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ እየጮኸ መጣ። "አንተ ሰውዬ፣ ጉድ ሠራኸኝ! ተቆጣጣሪዎቹ ሊያሽጉብኝ ነው!"

አጎቴ ሰሌዳውን ተቀብሎ ራቅ አድርጎ አየው። "ፊደሉ ግን አያምርም?" አለ።

እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም። ከመጋረጃው ወዲያ እትዬም ስትስቅ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሳቋ ሳል ሆነ። ሳሉ አልቆም ሲል የእኛ ሳቅ ቆመ።

"ጉንፋን ነው" አለች። "የቀለሙ ሽታ ነው" አለ አጎቴ። ቀለሙም፣ የመንገዱ አቧራም፣ የጎረቤት ከሰልም በየተራ ጥፋተኛ ተባሉ፤ ሲጋራው ብቻ በነጻ ተለቀቀ። እትዬ ግን አንዲት ሱሪ አሳጥራ ሳትጨርስ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። እኔ ነኝ ሁለቱንም እየጎተትኩ ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው። በሆዴ ተዘጋጅቻለሁ፤ ሐኪም ፊት ሁሉንም ዘርግፌ ላዋርደው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ራጁን ወደ ብርሃኑ አንሥታ ብዙ አየችው።

"እናቴ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?"

አጎቴ ጫማውን ማየት ጀመረ። አፌን ከፈትኩ። እትዬ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

"አዎ" አለች።

እትዬ! ሲጋራ በየትኛው ጫፍ እንደሚለኮስ የማታውቅ ሴት!

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተጋባን ጀምሮ።"

"በቀን ስንት ይሆናል?"

እትዬ ወደ አጎቴ ዞረች። "አንተ፣ ስንት ነው የማጨሰው?"

አጎቴን ላብ አጠመቀው። "አንድ... አንድ ፓኬት ተኩል" አለ።

"በዚህ ዕድሜዎ?" አለች ሐኪሟ፤ ተቆጥታለች። "የተጎዳው ሳንባ እኮ አይመለስም። ዛሬውኑ ካቆሙ የቀረውን ማቆየት እንችላለን። ካላቆሙ ግን ዓመቱን መጨረስዎን እጠራጠራለሁ። በሕይወትዎ ይቀልዳሉ እንዴ?"

"እሺ ልጄ፣ አቆማለሁ" አለች እትዬ፣ አንገቷን ደፍታ። ባሏ በሰው ፊት እንዳይዋረድ ብላ ቁጣውን ሁሉ እሷ ጠጣችው። በሁለቱም ደሜ ፈላ። የማይታይ እሳት ላይ ዕድሜዋን የተቀመጠች ሴት፣ ጭራሽ ይቅርታ ጠያቂ ሆና ወጣች።

ከሐኪም ቤቱ በር እንደ ወጣን የአጎቴ እጅ ኪሱ ገባ። አውቆ አይመስለኝም፤ እጁ ብቻውን ነው የገባው። ፓኬቱ ብቅ ሲል እትዬ መዳፏን ዘረጋች።

"ስጠኝ።"

"ምኑን?"

"ሲጋራውን ነዋ። አቁሚ ተብያለሁ፤ ሳልጀምር ምኑን ላቁም?"

አጎቴ ሳቅ አለ። እሷ አልሳቀችም። መዳፏ እንደ ተዘረጋ ቆየ፤ መርፌ የወጋጋው፣ የደረቀ መዳፍ። አጎቴ አየው፣ አየው፣ ከዚያ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። "አንቺዬ፣ እኔን... እኔን በሆነ" አለና በሰው መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያ ፌዘኛ! ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

እትዬ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ አጠገቡ ተቀመጠች። ለመቀመጥ የከፈለችው ትንፋሽ ሳል ቀሰቀሰባት። አጎቴ እንባውን ሳይጠርግ ተሽቀዳድሞ ከፊቷ ያለውን አየር በሁለት እጁ ያራግብላት ጀመር። ጭስ እኮ የለም! ሲጋራው አልተለኮሰም። እሱ ግን ያራግባል፤ ይቅርታ፣ ይቅርታ እያለ ንጹሁን አየር ያባርርላታል።

ይህን ሰው ልጠላው ብዬ ስንት ዘመን ለፋሁ! ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር። ምን ላድርግ፣ እወደዋለሁ። በእትዬ ሌላኛው ጎን ተቀመጥኩና እኔም ማራገብ ጀመርኩ።