ከተሸነፍህ የት ትቀመጣለህ?

በየስብሰባው «አልገባኝም» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ዕድር ሂዱ፣ የወላጆች ስብሰባ ሂዱ፣ የቀበሌ ውይይት ሂዱ፤ ሁሉም ነገር ተጠቃሎ፣ ሰው ቦርሳውን አንሥቶ ለመውጣት ሲያኮበኩብ እጁን ያወጣል። የፓርቲያችን የባሕር ዳር ቅርንጫፍ አርባ አባላት አሉት፤ የእኛዋ «አልገባኝም» ባይ ክብርት ወይዘሮ የብርጓል ናቸው።

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ የፈረቃ ኃላፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በማሽን ጩኸት መካከል ስለሠሩ ድምፃቸው ማይክሮፎን አይፈልግም። ከዓባይ ማዶ በባጃጅ፣ ጥቁር ጃንጥላና የራሳቸውን በርጩማ ይዘው ይመጣሉ። በርጩማው ምክንያት አለው፤ እደርስበታለሁ።

ጋዜጠኛ ነበርህ ተብዬ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። በአምናው መዝገብ ላይ «ወ/ሮ የብርጓል አልገባቸውም» ብዬ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጽፌአለሁ። በጀቱ አልገባቸውም። የአቋም መግለጫው አልገባቸውም። አጀንዳው አንድ ብቻ የሆነ ቀን «አንደኛው አልገባኝም» አሉ። ሊያስረዳቸው የሚነሣ ሰው ሲጀምር ነገሩ ገብቶት ነው፤ ሲጨርስ ለእሱም ይጠፋበታል።

ባለፈው ወር ከሐይቁ ዳር ባለው የኪራይ አዳራሽ ሊቀ መንበር ልንመርጥ ተሰበሰብን። ዕጩዎቹ ሁለት ናቸው፤ ጠበቃው አለበልና የኮሌጅ መምህርቷ ሥርጉት። ሁለቱም ስለ ራእይ ተናገሩ። ጥያቄ ሲፈቀድ ወይዘሮ የብርጓል ተነሡ።

«አለበል ልጄ፣ ከተሸነፍህ የት ትቀመጣለህ?»

«በሚሰጠኝ ማንኛውም ኃላፊነት፣ እትዬ።»

«አልገባኝም። ኃላፊነት አላልሁም። መቀመጫ ነው ያልሁ።»

አለበል ሰብሳቢውን ግሩምን አየ። ግሩም እኔን አየኝ። እኔ የምጽፈው ጠፋኝ።

«ጥያቄው የአዳራሹን አቀማመጥ የሚመለከት ከሆነ...» አለ ግሩም።

«አንተ ቆይ!» ወደ ሥርጉት ዞሩ። «አንቺስ የኔ ልጅ?»

«በመርሕ ደረጃ ተሸናፊ የሚባል የለም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ምን ልንቆጥር መጣን?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ነገሩ የገባን ያኔ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የተሸነፈው ዕጩ «አዲስ ፓርቲ መሠረትሁ» ብሎ የአባሉን ግማሽና ሃያ አምስት የፕላስቲክ ወንበር በአይሱዙ ጭኖ ወደ አገሩ ሐሙሲት ሄደ። ፓርቲው ስድስት ወር አልቆየም። ወንበሮቹ ግን ሐሙሲት አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ በጥቁር ቀለም የጻፍነው ቁጥር ዛሬም አለ። እኔ ራሴ ተቀምጬባቸው ሻይ ጠጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ግማሻችን ቆመን እንሰበሰባለን፤ የወይዘሮ የብርጓል በርጩማም ለዚሁ ነው።

ወደ ድምፅ መስጠቱ አለፍን። ሥርጉት ሃያ አንድ ለዐሥራ ዘጠኝ አሸነፈች። አለበል እጇን ጨበጠና ወጣ። ለእሱ ድምፅ የሰጠን ዐሥራ ስምንት ሰዎች በር በሩን አየን። አዎ፣ አንዱ እኔ ነኝ። ቢጠራኝ ልከተለው ልቅር፣ አላውቅም ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ስልክ አላነሣም። ዓርብ ዕለት ሐሙሲት ታየ ተባለ። በቃ፣ አለቀልን አልን።

እሁድ ዝናብ ነበር። ሥርጉት የመጀመሪያ ንግግሯን ስትጀምር ደጅ ባጃጅ ቆመ። አለበል ቀይ የፕላስቲክ ወንበር ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ገባ። የወንበሩ ጀርባ ላይ ዐሥራ አንድ ቁጥር አለ። ከወይዘሮ የብርጓል በርጩማ አጠገብ አስቀመጠውና ተቀመጠበት።

ቤቱ አጨበጨበ። እሳቸው አላጨበጨቡም። ጎንበስ ብለው ቁጥሩን አዩ።

«አልገባኝም። ሃያ አራቱስ?»

እንደ ልማዴ «ወ/ሮ የብርጓል አልገባቸውም» ብዬ ጻፍሁ። ያን ዕለት ጠዋት፣ ዝናቡን አይቼ፣ ዓባይ ማዶ ላለ ባለ ባጃጅ «እትዬን ሳታመጣ እንዳትቀር» ብዬ የደወልሁት እኔ መሆኔን ግን አልጻፍሁም።