ፓምፑን ያዘዝኩ መስሎኝ ፋይል ሳዝ አረፈድኩ

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ግማሻችሁ አታምኑኝም፣ ግማሻችሁ ደግሞ "ይበለው!" ትላላችሁ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

ሲኤምሲ ያለው ግቢያችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ቅዳሜ ንጋት ላይ ይመጣል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይሄዳል። ከዚያ እስከ ማክሰኞ ቻው! በነዚያ ሰዓታት ፓምፑ ካልሠራ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር አይሞላም።

ድሮ ፓምፑን የሚያበሩት ዘበኛችን ጋሽ ቶሎሳ ነበሩ። በእጃቸው።

እኔ ደግሞ አርፌ መቀመጥ አልችልም። "በዚህ ዘመን?" ብዬ የግቢውን ኮሚቴ አሳመንኩና አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጭኜ ፓምፑን ኦቶማቲክ አደረግኩት። ተጨበጨበልኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አንድ ደቂቃ ታገሱኝ። ሊኑክስ ላይ ዕቃም ፋይል መስሎ ነው የሚታየው። የፓምፑ ማብሪያ የራሱ ፋይል አለው። ፋይሉ ግን ስምና ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። አንዱ ቁጥር የትኛው ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን የሚያዝ ፕሮግራም፣ እንደሚጠራ ይናገራል፣ ሌላው ድራይቨሩ ከሚያዛቸው ዕቃዎች የትኛው እንደሆነ። እዚያ ላይ "አብራ" ብላችሁ ስትጽፉ ድራይቨሩ ይቀበልና ማብሪያውን ይነካላችኋል።

ያምራል አይደል? እኔም ያምራል ብዬ ትናንት ፎቶ ላነሳው ፈለግኩ። ለእናንተ!

ማብሪያውን ከኮምፒውተሯ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ፎቶውን አበላሸብኝ። ነቀልኩት። አንድ ፎቶ። ሌላ ፎቶ። ፊልተር። መልሼ ሰካሁት።

በዚያች መሃል የማብሪያው ፋይል ጠፍቷል፣ ዕቃው ሲነቀል አብሮ ይጠፋላ! ፕሮግራሜ ደግሞ በየደቂቃው እንደ ሰዓቱ "አብራ" ወይም "አጥፋ" ብሎ ይጽፋል። ስሙን ሲያጣው "የለም" ብሎ አልጮኸም። በዚያው ስም ተራ ፋይል ፈጠረና እሱ ላይ መጻፉን ቀጠለ። ድራይቨር የለው፣ ቁጥር የለው! ገመዱን ስመልሰው ስሙ ተይዟል፣ ትዕዛዙ ሁሉ ማብሪያው ጋ ሳይደርስ ተራው ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ አሰለፈች ደወሉ። ነገ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ነው፣ ስልሳ ሰው ጠርተዋል።

"ልጄ፣ ቧንቧው ጭጭ ብሏል።"

ፕሮግራሜ ያዘዘውን የሚያሳየኝን ስልኬን አየሁ። "በርቷል" ይላል።

"እየሞላ ነው እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱ!"

አምስት ሰዓት ላይ ደገሙ። ኢንተርኔቱን ጠረጠርኩ። ቧንቧ ሠራተኛውን ጠረጠርኩ። የግቢው ግሩፕ ላይ "የመስመር ችግር ነው" ብዬ ጻፍኩ። ሳሎኔ ውስጥ ስንቆራጠጥ አንድ ሰዓት አለፈ ማለት ይቻላል።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጋሽ ቶሎሳ በሬን አንኳኩ።

"ሞተሩን በእጄ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው። አንተ ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

በሩጫ ፓምፑ ጋ ሄጄ ፋይሉን ከፈትኩት። አብራ። አብራ። አብራ። ከንጋት ጀምሮ አንድም ሳይቀር በሥርዓት ተቀምጦልኛል!

ጋሽ ቶሎሳ ማብሪያውን በእጃቸው ተጫኑት። ሞተሩ ተነሣ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ሳበ፣ ከዚያ ከቧንቧው አየር ብቻ መጣ። ፈረቃችን አለቀ።

ፓምፑ ከበሬ ሃያ እርምጃ ነው እኮ! ጠዋቱን ሙሉ አንዴም ሄጄ አላየሁትም። ስልኩን አምኜ።

ከጎረቤት ግቢ የጉድጓድ ውሃ ለምኜ በጄሪካን አመላለስኩ። አራት ፎቅ። ሊፍት? አትቀልዱብኝ።

ስድስተኛውን ጄሪካን ሳስገባ እትዬ አሰለፈች ወንበር ሳቡልኝ። ስድብ ጠበቅኩ።

"ነገ እንዳትቀር" አሉኝ። "ከኛ ጋር ነው የምትበላው።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እና መሄዴ አይቀርም። ክርስትና ምን ተይዞ ነው የሚኬደው? ሐሳብ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

"ውሃ" ያለ ሰው ብሎክ ይደረጋል!