ጉም የገባበት ቅኔ

እንግዳ ሲሄድ አንድ ነገር ረስቶ ይሄዳል፤ አንዱ ከዘራውን፣ ሌላው ነጠላውን። ኮሮና ግን የኔን ዕቃ ይዞብኝ ነው የሄደ። መጀመሪያ ማሽተቴን፣ ቀጥሎ ማስታወሴን።

የጤና ጣቢያው ሐኪም ቫይረሱ አንዳንዱን ሰው ሽታ እንደሚነሳው፣ አእምሮውንም ለወራት ጉም እንደሚያለብሰው ነገረኝ። ለላስታ ሰው ጉም ምን ማስረዳት ያሻዋል? ጠዋት ከአሸተን ማርያም ተራራ ቁልቁል ሲለቀቅ ከተማው የት እንደገባ አይታወቅም። የኔም ራስ እንደዚያው ሆነ። ክፋቱ ደግሞ ደስ ይላል። በሬ ልፈታ ወጥቼ ከበሬው ጋር ሰማይ ሳይ እውላለሁ። ባለቤቴ ምን እያሰብህ ነው ትለኛለች፤ እሱ እኮ ነው የጠፋኝ።

አራሽ ብቻ ብሆን ግድ አልነበረኝም። እኔ ግን የቅኔ ሰው ነኝ። ያስተማሩኝ የኔታ ጉልበታቸው ደክሞ የመምህርነት ወንበራቸውን ሊያወርሱኝ አስበዋል። በገነተ ማርያም ክብረ በዓል ቅኔዬን ሊቃውንቱ ከወደዱት ወንበሩ የኔ ነው፤ አለዚያ ለሌላ ይሰጣል። ቅኔ ደግሞ አይደገምም፤ ሁልጊዜ አዲስ ነው። የአምናውን ይዞ የቀረበ መሳቂያ ይሆናል። የሰው ይዞ የቀረበማ ወንበር ቀርቶ መቆሚያም አያገኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ባስብ ባስብ ጠብ የሚል ነገር የለም። በበዓሉ ጠዋት ግን፣ ማኅሌቱ መሀል ቆሜ ሳለሁ፣ ከየት መጣህ ሳልለው ቅኔው ወረደልኝ። አፌ ይናገራል፣ እኔ እንደ ሰው እሰማለሁ። ሊቃውንቱ ይበል ይበል አሉ። የኔታ እንባቸውን ጠረጉ። ትዕቢት በጉምም መንገድ አይስትምና እኔም ቀና ቀና አልሁ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ከአፋፉ ላይ ጦስኝ ሸተተኝ። ስንት ወር ሙሉ ያልሸተተኝ ጦስኝ! ምን ያደርጋል፣ ትዝታውም ተከትሎ ገባ። አንድ ጊዜ በዚሁ መንገድ የኔታ ጦስኝ እየቀነጠሱ፣ ለማንም ያላሰሙትን ቅኔ ለኔ ብቻ ነግረውኝ ነበር። ያ ቅኔ ነው የዛሬው። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ግን በሰረቅሁት ቅኔ እሳቸው ወንበር ላይ እንዴት ልቀመጥ?

ተመልሼ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። የኔታ ይፍቱኝ፣ ቅኔው የአንቱ ነው፣ ወንበሩን ለሌላ ይስጡ አልኋቸው። የኔታ እጄን ይዘው አነሱኝ። ያ በሽታ እሳቸውንም ጎብኝቶ ቅኔውን እንዳስረሳቸው ነገሩኝና፣ ለካስ ቅኔው እንዲያ አንጀቴን የበላኝ ወዶ አይደለም ብለው ሳቁ። በል እስቲ ድገምልኝ አሉኝ። አፌን ከፈትሁ፤ ጉሙ ተመልሷል፣ አንዲት ቃል የለም። እሳቸውም ሞከሩ፤ የለም።

ሁለታችንም ተራራ ተራራውን እያየን ብዙ ተቀመጥን። በመጨረሻ የኔታ ፈረዱ፦

«አንተም አታውቀው፣ እኔም አላውቀው፤ አዲስ ነው ማለት ነው። ወንበሩን ውረስ።»