የሩት እህት መርዶ

ሰው ሲያረጅ የሚሠራው ሥራ የታወቀ ነው። በረንዳ ላይ ፀሐይ መሞቅ፣ ጉልበት ማሸት፣ በበር የሚያልፈውን መታዘብ፣ የታዘቡትን ደግሞ ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም መናገር። ይህን ሥራ አሥር ዓመት ሙሉ ሠርቼዋለሁና ቀላል እንዳይመስላችሁ። እንግዲህ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው፣ የሞቀ ቤታቸውን ቆልፈው፣ ባሕር ተሻግረው «ልናገለግላችሁ መጣን» የሚሉ ባልና ሚስት አሉ ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ ያልኩትን ልንገራችሁ። ልጆቻቸው አባረዋቸው ነው አልኩ።

አልነበረም። ግሌንና ሩት ይባላሉ፤ የካናዳ ሰዎች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ለአሥራ ስምንት ወር ልኳቸው እዚህ ኮልፌ ከእኔ በር ፊት ለፊት ተከራዩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን እጅ ለእጅ ተያይዘው በኮብልስቶኑ ይወርዳሉ፤ ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ ይመለሳሉ፤ ሰዓቴ ሲዛባብኝ የማስተካክለው በእነሱ ነው። ሁለቱም ደረታቸው ላይ ስማቸውን ለጥፈው ነው የሚውሉት፤ በእርጅና ምክንያት እንዳይረሱት ይሆናል ብዬ አዘንኩላቸው። ግሌን ሽርጥ አስሮ ዕቃ ያጥባል። ይህን በመስኮት ያየች የሰፈራችን ሴት ሁሉ ባሏን ሳምንት ሙሉ በክፉ ዓይን አይታዋለች። ሩት ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ በእድራችን አዳራሽ ለሴቶች እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ በተረፈው ቀን ከሙዝ የጋገረችውን፣ ኬክ ይሁን ዳቦ ያልለየለት ነገር ይዛ ቤት ለቤት ሰው ትጠይቃለች። ጥየቃዋ ሃያ ደቂቃ ነው። ወሬዬ ገና ሳይሞቅ ብድግ ትላለች። የቀኑ ሥራቸው ሁሉ በየሰዓቱ ተከፋፍሎ ፍሪጃቸው ላይ ተለጥፏል ብላ የነገረችኝ ጎረቤቴ ሙሉነሽ ናት። ሙሉነሽ ያየችውን ነገር ይዛ ማደር አይሆንላትም።

እኔ ራሴ አላየሁትም፤ ቤታቸው አልገባማ። በመጡ ሰሞን መጽሐፍ ይዘው በሬን አንኳኩ። በሰማንያ ቀኔ የተጠመቅሁ ሴት ነኝ፣ የእግዜርን ነገር የሚያስረዳኝ ሰው ከካናዳ አላስመጣሁም አልኳቸው። ግሌን «አመሰግናለሁ» አለ። ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ ነው የሚለው፤ ቢሰድቡትም ያመሰግናል። የዚያን ቀን ደፋቸውን ላልረግጥ ማልኩ። እነሱ ግን መጽሐፉን ትተው ያንን የሙዝ ነገር ይዘው መምጣታቸውን ቀጠሉ፤ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስምና እኔም ቆሎ እየሞላሁ በሙሉነሽ እጅ እመልሳለሁ። ሳህኑ ከእኔ የተሻለ ጎረቤት ሆነ።

አሁን ስለ መርዶ ላውራችሁ።

የሰፈራችንን መርዶ የምናገረው እኔ ነኝ። የሾመኝ የለም፤ ግን አንድ ሰው አረፈ ሲባል መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። መርዶ በወግ ይነገራል። በጠዋት፣ ባለቤቱ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ከፊት ቀድሞ። መጀመሪያ ታሟል ይባላል፣ ቀጥሎ ጠንቶበታል ይባላል፣ ሦስተኛው ሳይባል ባለቤቱ ራሱ ይደርስበታል፤ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አጠገቡ አለ። ለምን ይህን ያህል እንደምጠነቀቅ ልንገራችሁ። የወንድሜን ሞት የሰማሁት ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ፣ ሽንኩርት በዘንቢል ይዤ ታክሲ ስጠብቅ ነው። አንድ የማውቀው ሰው «ነፍስ ይማር፣ ወንድምሽን ሰማሁ» ብሎኝ አለፈ። ሽንኩርቱ አስፋልቱን ሞላው። ሰዉ ሽንኩርቱን እየለቀመ ይሰጠኛል፤ እኔን የሚለቅመኝ ግን አልነበረም። ይኸው ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ያን ሰውዬ ይቅር አላልኩትም። ንስሐ አባቴም ያውቃሉ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ግሌን በራቸው ላይ አገኘኝ። ሩት ከኋላው ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሩት እህት ሞተች። ትናንት» አለኝ፤ አማርኛው እንዲህ አጭር አጭር ነው። ሩትን አየኋት፤ አንሶላውን እየወጠረች በቀስታ ታንጎራጉራለች። ወዲያው ገባኝ። አልሰማችም። ሰውየው ለሚስቱ መንገር ከብዶት፣ ወግ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ወደ እኔ መጣ። ስለ ካናዳ ሰው የነበረኝ ግምት በአንዴ ከፍ አለ። ለእኔ ተወው፣ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ አልኩት።

«አመሰግናለሁ» አለ።

ሴትየዋ የልብ ኪኒን ትውጣለች። እንደ እኔ መንገድ ላይ ብትሰማስ? የእድራችን ዳኛ አቶ ዘርጋ ቡታጅራ ሄደዋል፤ የሚመለሱት ማክሰኞ ማታ ነው፤ ያለ እሳቸው ደግሞ እንዲህ ላለ ነገር አይኬድም። ስለዚህ ለረቡዕ ጠዋት ቆረጥኩ። እስከዚያ ሚስጥሩን መጠበቅ ነው። ለሙሉነሽ መናገር አልነበረብኝም፤ ግን ለአንድ ሰው እንኳ ሳልናገር ብቻዬን እንዴት ልጠብቀው? ሰኞ ቀትር ላይ እስከ ሳንሱሲ ድረስ ያልሰማ አልነበረም። ከሩት በቀር።

ማክሰኞ የእንግሊዝኛው ትምህርት አለ። ከአንዷ አፍ እንዳያመልጥ ብዬ ነጠላዬን ደርቤ ሄድኩና ከኋላ ተቀመጥኩ። የዕለቱ ትምህርት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቤተ ዘመድ። እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት በእንግሊዝኛ። ሩት አንድ በአንድ እያስነሳች እህት አለሽ ወይ ትላለች። ሴቶቹ ተያዩ፤ በዚህ ቀን እህት የሚለውን ነገር በአፋችን እንዴት እናንሳ ነው ነገሩ። የመጀመሪያዋ የለኝም አለች። ሁለተኛዋም የለኝም። ሙሉነሽ አራት እህቶች አሏት፤ አንደኛዋ እንዲያውም አጠገቧ ተቀምጣለች፤ ተነሥታ በጥሩ እንግሊዝኛ የለኝም አለች። እህቷም አንገቷን ነቅንቃ መሰከረችላት። ኮልፌ ውስጥ በአንድ ሰዓት እህት የሚባል ዘር ጠፋ። ሩት ወደ ሰሌዳው ዞረችና ያልተጻፈ ነገር ስታጠፋ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ፈገግ ብላለች። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ አይ ምስኪን፣ ነገ የሚጠብቃትን አታውቅ አልኩ።

ረቡዕ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አሥራ ሁለት ሰው ሆነን በራቸው ላይ ቆምን። አቶ ዘርጋ ካፖርታቸውን ለብሰው ከፊት፣ እኛ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ከኋላ። ግሌን በሽርጥ ከፈተልን፤ እጁ ላይ የአጃ ገንፎ የሚያማስልበት ማንኪያ አለ። ይህን ሁሉ ሰው በዚህ ሰዓት ሲያይ መንግሥት የተገለበጠ መስሎት ነው መሰለኝ ፊቱ ነጣ፤ ከነበረው በላይ ማለቴ ነው። ደፉ ጋ ስደርስ መሐላዬ ትዝ አለኝ። ከእግዜር ጋር በኋላ እንነጋገርበታለን ብዬ ቀኝ እግሬን አስቀድሜ ገባሁ።

ሩት ከመኝታ ቤት ወጣች። ሁልጊዜ የሚበጠረው ፀጉሯ አልተበጠረም። አጠገቤ አስቀምጬ እጇን ያዝኩ፤ ብትወድቅ ልትይዛት ሙሉነሽ ሁለት እጇን ዘርግታ ከኋላ ቆመች።

«ሩትዬ» አልኳት፤ «እህትሽን ትንሽ አሟት ነበር አሉ።»

«አዎ» አለች።

«ጠናባት አሉ።»

ሩት ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። «እማማ አስካለ፣ እኔ አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ቅዳሜ ስልክ ደወሉ። ትናንት ቀበሯት። በኮምፒውተር አየሁ።»

ሙሉነሽ ያን የተዘረጋ እጇን ምን ታድርገው? አቶ ዘርጋ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት። እኔ እንደዚያ ጠዋት አፍሬ አላውቅም። እሁድ አንሶላ ስትወጥር ታውቅ ነበር። ማክሰኞ እህት አለሽ ወይ እያለች ስትጠይቅ ታውቅ ነበር። እኛ ከእሷ ስንደብቅ እሷም ከእኛ ስትደብቅ፣ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያንኑ አንድ ሞት ታቅፎ ቤተ ዘመድ ሲማር ዋለ። ወደ ግሌን ዞርኩ።

«ታዲያ እኔን ለምን ነገርከኝ?»

«ጎረቤት ነዎት» አለ።

ሌላ መልስ ነበር የጠበቅኩት።

«ከማን ጋር አለቀስሽ ታዲያ?» አልኳት ሩትን።

«ከግሌን ጋር። ትንሽ። ከዚያ ሥራ ነበረ።» ቀጥላ እንደ ጥፋተኛ አንገቷን ደፋ አድርጋ «እኛ ልናገለግል መጣን። ሰው ልናስቸግር አይደለም» አለች።

እዚህ ላይ ተናደድኩ። እህቷን በኮምፒውተር ቀብራ፣ ሐዘኗን እንደዚያ እንደ ሃያ ደቂቃ ጥየቃዋ ለክታ፣ በሰዓቱ ብድግ ብላ ሥራ ገባች። አሥር ወር ሙሉ በየቤታችን ስትገባ አንድ ቀን እንኳ አስቸግራን አታውቅም፤ ለካስ ልወዳት ያልቻልኩት በዚህ ኖሯል።

«እኛስ ጎረቤት የሆንነው ለምን መሰለሽ?» አልኳት። «ስሟ ማን ነበር?»

«ኤለን።»

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ጀመርኩ። ኤለን ረጅም ትሁን አጭር፣ ደግ ትሁን ክፉ አላውቅም፤ ግን አለቀስኩላት። እህት ዓለም ኤለን፣ በረዶ አገር የቀረሽው፣ እህትሽን ሳትሰናበቺ የሄድሽው አልኩ። አቶ ዘርጋ በጉራጌኛ ተቀበሉኝ። ሙሉነሽማ የካደቻቸውን አራት እህቶቿን ጨምራ ነው ያለቀሰችው። ሩት መጀመሪያ ያልተበጠረ ፀጉሯን በእጇ ልታስተካክል ሞከረች። ከዚያ ከውስጧ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ከዚያች በሰዓቷ ከምትሄድ ሴት ይወጣል የማትሉት። ወደቀችም። ሙሉነሽ ያዘቻት። እጇ በከንቱ አልተዘረጋም።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። የእድሩ አግዳሚ መጣ፤ ምግብ ከየቤቱ መጣ። ግሌን ብርጭቆ ሊያጥብ በተነሣ ቁጥር አቶ ዘርጋ ሽርጡን ያስፈቱታል፤ ለቅሶ ቤት ባለቤት አይታዘዝም። ከሐዘኑ ይልቅ የጎዳው ይህ ነው። አንዴ ሰዓቱን አየና ሦስት ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለን አለ። ተነሥቼ ፍሪጁ ጋ ሄድኩ፤ አንዴ ገብቼ የለ። ወረቀቱ በእነሱ ፊደል ስለተጻፈ ላንብበው ብዬ አልተቸገርኩም፤ ገልብጬ በነጩ በኩል መልሼ ለጠፍኩት።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲሳሳ፣ ሩት አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ፣ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ወደ አፌ መጣ። ልጄ ሰላማዊት የምትኖረው ካናዳ ነው፤ ከእነሱ ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት ያስኬዳል አሉኝ። እኔ ስሞት የእሷን በር ማን ያንኳኳል? ስልክ ነው የሚደወልላት፤ ሥራ ቦታ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ምናልባትም ገበያ ላይ፣ ሽንኩርት ይዛ። ለሰው ልጅ ሁሉ ስናገር ኖሬ ለገዛ ልጄ ነጋሪ የለኝም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ከአገራቸው የወጡት መልእክት ለማድረስ ነው። የእነሱን አልተቀበልኳቸውም፤ የእኔን ይቀበሉኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አገራችሁ ገብታችሁ ሳለ አስካለ ሞተች ስትባሉ፣ በጠዋት ልጄ ቤት ሂዱላት» አልኳቸው። «ብቻችሁን አይሆንም፣ ሰው ጨምሩ። መጀመሪያ እናትሽን አሟት ነበር በሉ።»

ግሌን ማስታወሻ ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። «መቼ?» አለኝ።

«ቀኑን ገና አልነገሩኝም» አልኩት። «በእርሳስ ጻፈው።»

ሩት ደብተሩን ከእጁ ወስዳ ዘጋችው። «ልጅዎ ጠዋት ስንት ሰዓት ከቤት ትወጣለች?» አለችኝ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አልኳት። እንግዲያው አንድ ሰዓት ላይ በሯ ላይ እንሆናለን አለች። ሃያ ደቂቃ እንደማይበቃም ራሷ ጨመረችልኝ።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አንድ የረሳሁት ነገር ነበር። አሥራ ስምንት ወራቸው ሊሞላ ገና ስምንት ወር ይቀረዋል። ከዚያ በፊት ብሞት መልእክተኞቼ እዚሁ ለቅሶዬ ላይ አግዳሚ ሲደረድሩ ይውላሉ፤ ሰላማዊት በስልክ ትሰማለች። ስለዚህ እነሱ አገራቸው እስኪገቡ መሞት አልችልም። ጉልበቴን ማሸቱ አለ፣ ጠዋት ጠዋት መታዘቡ አለ፣ አሁን ደግሞ ይኸኛው ተጨመረ። በእርጅናዬ ሥራ በዛብኝ።