በሐይቁ በኩል ያለው ሠላሳ ሜትር

ሰው ካረጀ በኋላ ከትምህርት ቤት ምን ይዞ እንደወጣ ቢፈተሽ የሚገኝበት ነገር ጥቂት ነው። እኔ ብዙ አነበብሁ፤ ፈላስፎቹንም፣ ፈላስፋ ነን ባዮቹንም። ሳልጠራው የሚመጣብኝ ግን የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፦ የአራት ማዕዘን ዙሪያ ለማግኘት ርዝመትና ወርዱን ደምሮ በሁለት ማባዛት። ትስቁ ይሆናል። እናንተም ብትሆኑ የምትኖሩት በርዝመትና በወርድ መካከል ነው፤ ሲመሽ በሩን ዘግታችሁ ዞር ዞር በሉና እዩት።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ነበር ቤታችን። እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ትሠራለች። ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። በዚያ ሰፈር ሰው ግቢውን የሚያጥረው በሦስት ወገን ነው። ከደንገል ሣር የሚታሰረው ታንኳ ውኃ ይጠጣል፤ በየቀኑ ጎትተው ፀሐይ ላይ ካላሰጡት ይበሰብሳል፤ ስለዚህ በውኃው በኩል ክፍት ይተዋል። ታንኳ የሌለውም ይተዋል። ሐይቅን ማን ያጥራል?

ታዲያ ፈተና መጣ። “ርዝመቱ ሠላሳ፣ ወርዱ ሃያ ሜትር የሆነን ግቢ ለማጠር ስንት ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል?” ሰባ ብዬ ጻፍሁ።

መምህር ታከለ ከዱርቤቴ የመጡ፣ ኮታቸው ጠመኔ የማይለየው ቀጭን ሰው ነበሩ። አስነሱኝ።

“አንቺ፣ አንዱን ጎን ምን በላው?”

“ሐይቅ ነው፣ ጋሼ።”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። “ጥያቄው ውስጥ ሐይቅ አለ? መቶ ነው፤ ተቀመጪ!” ቀይ ኤክስ።

ማታ ለታላቅ ወንድሜ ለይርጋ አለቀስሁበት። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። “ሰባ ነው እህቴ፤ ሠላሳዋ የእኔ መንገድ ናት” አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ወዲያው ወጣት ለውትድርና ይታፈስ ጀመር። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ይርጋ በጋሽ ሰይድ ታንኳ ወጣ። ጋሽ ሰይድ ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ተመለሱና እናቴን፣ “በደኅና ማዶ አድርሼዋለሁ። በዚሁ በኩል እመጣለሁ ብሎሻል” አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ከሥራ ስትመለስ በርጩማዋን ይዛ ፊቷን ወደ ውኃው አዙራ ትቀመጣለች።

ቀበሌው ግን ወጣቱ በሐይቅ እየሾለከ ነው ብሎ፣ ዳር ያለ ግቢ ሁሉ በአራቱም ወገን ይታጠር አለ። ሊቀ መንበሩ የእሾህ ሽቦ አስጭኖ መጣ። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ ሜትር የያዙት ማን ይመስሏችኋል? መምህር ታከለ።

“በውኃው በኩል ይቅርልኝ፣ ጓድ” አለች እናቴ። “ታንኳው በየት ይውጣ?”

“እትዬ፣ ታንኳ የለዎትም እኮ።”

እውነቱን ብትናገር ልጇ የት ገባ ሊባል ነው። በርጩማዋን አንሥታ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

መምህር ታከለ በርጩማውን አዩ፤ ይርጋንም አስተምረውት ነበር። ሦስቱን ጎን ለኩ፤ ከዚያ ጫማቸው እስኪርስ ውኃው ዳር ቆሙ።

“ሰባ ሜትር ይበቃል” አሉ።

“አራተኛውስ?”

“ሐይቅ ነው፣ ጓድ። እዚህ ችካል ቢተከል ክረምት ሲገባ ውኃው ከነሽቦው ይወስደዋል። የመንግሥት ንብረት ነው። በኋላ ማን ይጠየቅበታል?”

የሊቀ መንበሩ ፊት ተለወጠ። በዚያ ዘመን “ማን ይጠየቅበታል” የማይፈታው ሒሳብ አልነበረም። ሰባ ሜትር ተቆርጦ የሐይቁ ወገን ቀረልን።

በዓመቱ መጨረሻ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። እኔም ኮርቼ ሰባ ብዬ ጻፍሁ። ቀይ ኤክስ! ደጅ ጠብቄ፣ “ጋሼ፣ እኛ ቤት እኮ…” ስላቸው ግራ ቀኝ አዩና ጎንበስ አሉ።

“እናንተ ቤት ሰባ ነው። ፈተና ላይ መቶ ነው። ይህን ካልለየሽ እዚህ አገር አታድጊም።”

እንዳሉትም አላደግሁበትም፤ ወጣሁ። በሐይቁ አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ሰው በበሩ፣ በአውቶቡስ። ይርጋ አልመጣም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያን ሠላሳ ሜትር ማንም እንዲያጥረው አልፈቀደችም፤ ቤቱን የገዙት ሰዎች ግን በግንብ ዘግተውታል አሉ። ሌባ ፈርተው ነው፤ አልፈርድባቸውም።

እኔ ዛሬ በሰው አገር፣ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል አለችኝ። ርዝመቷ አምስት፣ ወርዷ አራት። በርጩማዬን በየትኛው በኩል አዙሬ እንደምቀመጥ ግራ ሲገባኝ ለካኋት። ዐሥራ ስምንት ሜትር፤ አራቱም ጎን አለ። መምህር ታከለ ቢያዩት ሙሉ ማርክ ይሰጡኝ ነበር።