የማሽን አበጋር

ከተማ ነኝ የሚል ከተማ ሁሉ ዕቃ መጣል የማይሆንለት አንድ ሰው አለው። ወልድያ ብዙ አላት፤ ግራናም እንደ አቅሟ አታጣም። መርሳ ግን በዚህ በኩል ማንንም አታስቀድም፤ የገመድ ባለአደራ፣ የካቻቢቴ ጌታ፣ ክቡር ጋሽ ዓሪፍ ያሉት እሷ ዘንድ ነው።

ጋሽ ዓሪፍ የሬዲዮ ሱቃቸው ለመንገድ ሲፈርስ ንብረታቸውን ጠቅልለው በአቶ አስፋው የጭነት መኪና ሚዛን ጓሮ ወዳለችው መጋዘን ገቡ። "ለጊዜው ነው" ብለው ነበር። ጊዜው ዓመታት ሆነ። ክዳን የሌለው ፔርሙስ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሪሞት፣ አፉ የተቆረጠ ቻርጀር ሁሉ እዚያ ተከብሮ ይኖራል። ምን ያደርግልዎታል ያላቸው እንደሆነ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ይቀመጥ፤ ቀን አለው።"

የሚዛኑን ወረቀት የምትሠራው ዙልፋ ግን ማጠራቀማቸውን ብትታገሥም መጠገናቸውን አልቻለችውም። መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ የተጣላን ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ አበጋር ይባላል፤ ጋሽ ዓሪፍም ራሳቸውን የማሽን አበጋር አድርገው ሾመዋል። ዕቃ ተበላሸ አይሉም፤ ተጣላ ነው የሚሉት። የዙልፋን ማራገቢያ ካስታረቁት ወዲህ ነፋሱን የሚሰጠው ለግድግዳው ነው። የዘበኛው ሬዲዮም በአፍጢሙ ካልተደፋ አይናገርም። ከእያንዳንዱ እርቅ በኋላ ታዲያ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁና አሚን እስኪባል ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ዙልፋ በላብ ተጠምቃ፣ ግድግዳው ሲቀዘቅዝ እያየች፣ ለዚህ ደግሞ አሚን ልበል እንዴ ትልና ወደ ሥራዋ ትዞራለች።

ስለዚህ አቶ አስፋው "መጋዘኗ እስከ ቅዳሜ ባዶ ትሁን" ሲሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላት። በዚያው ሳምንት አሮጌው ኮምፒውተር ተሽጦ አዲስ ገብቶላታል። ጆሮ የሚበሳውን ፕሪንተርም ራሷ ጎትጉታ ዝምተኛ በሆነ አዲስ አስቀይራለች። አሮጌውን ፕሪንተር የሚገዛ ጠፍቶ ጋሽ ዓሪፍ እንደ ሙት ልጅ ታቅፈው ወሰዱት። ሐሙስ ጠዋት የመጋዘኗን ቁልፍ ስትጠይቃቸው ግን ያለ አንድ ቃል ሰጧት። መከራከራቸውን ጠብቃ ነበርና ዝምታቸው ቅር አላት።

ጥቂት ቆይቶ ሽንኩርት የጫነው የመጀመሪያው መኪና ሚዛኑ ላይ ወጣ። የሚዛን ወረቀት በካርቦን የተደራረበ ነው፤ አንዱ ለገበሬው፣ አንዱ ለነጋዴው፣ አንዱ ለቢሮው። አዲሱ ፕሪንተር ታዲያ ቀለም ይቀባል እንጂ አይመታም፤ የላይኛው ቆንጆ ሆኖ ሲወጣ የታችኞቹ ነጭ ሆነው ቀሩ። ዙልፋ ለየብቻ አትማ ሰጠች። ነጋዴው አብዱልሐሊም ወረቀቱን ገልብጦ በጣቱ ዳሰሰው።

"እህቴ፣ ይሄ ለየብቻ የተጻፈ ነው። የአንዱ ኪሎ ካንዱ ቢለይ ማን ያውቃል? እኛ የምናምነው ባንድ ምት የወጣውን ነው። ካልሆነ ወልድያ ሄደን እንመዝናለን።"

የሽንኩርቱ ባለቤት፣ ገበሬው ሙስዐብ፣ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። ከኋላው ሌሎች መኪኖች ተሰልፈዋል። ወልድያን የለመደ ደንበኛ እንደማይመለስ ዙልፋ ታውቃለች። ሚዛኑ ወቅቱን ጦሙን ካደረ ደግሞ ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእሷ ነው። ቁልፉን አንስታ ወደ ጓሮ ሮጠች።

"ጋሽ ዓሪፍ፣ ያ ፕሪንተር አለ?"

"የት ይሄዳል?" አሉ። "አብሽሪ።"

አዲሱ ኮምፒውተር ግን የዚያን ዘመን ሰፊ ሶኬት የሚቀበል ቀዳዳ የለውም። ጋሽ ዓሪፍ በፓስታ ካርቶን ውስጥ ሲበረብሩ ቆይተው በአንድ በኩል አሮጌ፣ በሌላ በኩል አዲስ አፍ ያላት መቀየሪያ አወጡ። የፕሪንተሩ ገመድ ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር ተሽጧልና ከሌላ ማሽን የተረፈ ገመድ ሰኩበት። ዙልፋ አዘዘች። ፕሪንተሩ ጭጭ አለ።

ጋሽ ዓሪፍ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ገመዱን አዩት።

"ገባኝ። የዚህ አፍ ከዚያ አፍ ጋር ነው የተያያዘው፤ ጆሮም ከጆሮ። ሁለቱም ይመርቃሉ፣ አሚን ባይ የለም።"

ገመዱን በፒንሳ ቆርጠው የአፉንና የጆሮውን ሽቦ አቀያየሩና በናስትሮ ጠቀለሉት። ዙልፋ እንደገና አዘዘች። ፕሪንተሩ ጮኸ። የወረቀቱ ጽሑፍ ግን ጥያቄ ምልክትና ጭረት ብቻ ነበር።

"አሁን ተሰማምተዋል፤ አልተግባቡም እንጂ" አሉ ጋሽ ዓሪፍ። "ኮምፒውተርሽ እንደ መናኸሪያ ረዳት ይንጣጣል። ፕሪንተሯ አሮጊት ናት፣ ዝግ ብሎ የሚያናግራት ትፈልጋለች። ይኼን ግን እኔ አላውቅበትም።"

ዙልፋ ታውቅበታለች። የኮምፒውተሩን የመላኪያ ፍጥነት ደረጃ በደረጃ ታወርደው ጀመር። ጭረቱ መጀመሪያ ቁጥር መሰለ፣ ቀጥሎ የሙስዐብ ስም ግማሹ ታየ። አንድ ደረጃ ብታወርድ ፕሪንተሩ ጥርርር ብሎ ሙሉውን መታ፤ ሦስቱም ወረቀት ላይ ኪሎው ቁልጭ ብሎ ወጣ። አብዱልሐሊም ጀርባውን ዳስሶ፣ ጉብታውን በጣቱ አግኝቶ፣ ድርሻውን ኪሱ ከተተ። ያ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ለዙልፋ እንደዚያ ቀን ጣፍጧት አያውቅም።

መኪኖቹ ተመዝነው ሲያልቁ ጋሽ ዓሪፍ ፒንሳቸውን ሰበሰቡ።

"ዙልፋ፣ ዕቃዬን ቅዳሜ ጠዋት ላንሳው ወይስ ከዙህር ሶላት በኋላ?"

ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ ሆዷን ያባባውም እሱ ነው። እኚህን ሽማግሌ እንደምትወዳቸው ያን ጊዜ አወቀች፤ ከነማራገቢያቸው።

"ለአቶ አስፋው የምለውን እኔ አውቃለሁ" አለችና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ፊታቸው አኖረች። "ይቀመጥ።"

ጋሽ ዓሪፍ ቁልፉን ወዲያው አላነሱም። መጀመሪያ እጃቸውን ዘረጉ።

"ያ ረቢ፣ ይህችን ቤት የተጣላ የሚታረቅባት አድርጋት" አሉና እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው ጠበቁ።

ማራገቢያው ግድግዳውን ያበርዳል።

"አሚን" አለች ዙልፋ።