ከማትሪክ በኋላ ይነገራት

እናንተዬ፣ ሰው የሚማረውን እንዴት ነው የሚመርጠው? እኔ እንዳየሁት አይመርጥም። የክፍላችን አንዷ ልጅ ሕክምና ሞላች፤ አጎቷ ሐኪም ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፣ ሐኪም ሳይሆን ስለቀረ ነው። አንዱ ልጅ ምህንድስና የሞላው ጓደኛው ስለሞላ ነው። ጓደኛውን ብትጠይቁት ደግሞ እሱን አይቶ ነው። እኔ የሞላሁት ሙዚቃና የድምፅ ቀረጻ ነው። አትሳቁ። የሚያስቅ ቢሆን ቀድሜያችሁ እስቅ ነበር።

መጀመሪያ እወቁኝ። ፈሪ ነኝ። የቀበሌ ጥበቃ ሲያስል እደነግጣለሁ። ሰልፍ ላይ መፈክር ሲወርድ እጄን ከሰው አስቀድሜ እንዳላነሳ፣ ከሰውም እንዳልዘገይ ስጠነቀቅ ክንዴ ይዝላል። እስከ አስራ አንደኛ ክፍል ድምፄን የሰማ አስተማሪ የለም። ዘንድሮ ግን የፊዚክስ አስተማሪያችን ስለ ድምፅ ሞገድ ጠይቆ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ሲል፣ እጄ ሳታስፈቅደኝ ተነሳች። ወጥቼ አስረዳሁ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ "ሞገድ" ነው የሚሉኝ። ጉብዝናም እንደ ጫማ እየዋለ እያደረ እግር ይለምደዋል ለካ።

ሞገዱን ያስተማረኝ አብዲ ነው። አብዲ መጋላ ሰፈር ውስጥ ካሴት ይቀዳል፣ ይሸጣል። የወንድሜ የመስፍን ጓደኛ ነው፤ መስፍንም እሱ ጋ ይሠራ ነበር። አምና ከሲኒማ ሲወጣ አፍሰው ሁርሶ ማሰልጠኛ አስገቡት፣ ከሁርሶ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር። ቦታው ባዶ ሲቀር እኔ ሄድኩ። አብዲ አየኝና፣ "ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ ነይ የወንድምሽን ወንበር አሙቂለት፣ ሲመጣ ትነሺለታለሽ" አለኝ። ሰርግ ሲቀረጽ ማይኩን ከከበሮው ምን ያህል ማራቅ እንደሚሻል፣ ከካሴት ላይ ፉጨቱ እንዴት እንደሚቀነስ፣ ሁሉን እዚያ አየሁ። በኦሮምኛ ተዘፈነ፣ በሱማልኛ፣ በሐረሪ፣ ግጥሙ ባይገባኝም የታፈነ ድምፅ በየትኛውም ቋንቋ ያስታውቃል። እናም አዲስ አበባ ይኼንን የሚያስተምር ክፍል እንዳለ ስሰማ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

እማዬ ደግሞ ሌላ አልሰማ አለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያለናት እኔና መስፍን ነን፤ ሐረር አስተማሪነት ተምሬ ቅዳሜ ቅዳሜ እንድመጣላት ነበር ሐሳቧ። የሙዚቃውን ነገር ሳነሳ እቃ ማንኳኳት ትጀምራለች።

ማትሪክ ሊደርስ ሲል፣ አንድ ከሰዓት፣ ሱቁ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ካሴቱ አልቆ ቆሟል፤ እኔ ስንፍና ይዞኝ ማዳመጫውን አላወለቅኩም። አንድ ወታደር በምርኩዝ ገባ። ማዳመጫ ያደረገ ሰው አይሰማም ብለው እሱና አብዲ አጠገቤ ተነጋገሩ። ከመስፍን ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበር። "መስፍን" ካለ በኋላ ያለውን አልደግመውም። ሲጨርስ፣ "ልጅቷ ከማትሪክ በኋላ ይነገራት ተብሏል" አለ። ማን እንዳለ አልሰማሁም። አብዲ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ዘፈን እንደሚሰማ ሰው ራሴን እየነቀነቅኩ ጠበቅኩት።

መርዶ በእኛ ሰው ዘንድ እንደደረሰ እንደማይነገር ታውቃላችሁ። ነፍሰ ጡሯ እስክትወልድ፣ ተማሪው እስኪፈተን ይደበቃል፤ ከዚያ ሽማግሌዎች ተጠራርተው ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ። ቤቱ ውስጥም ዓመት እስኪወጣ ሬዲዮ አይከፈትም። ስለዚህ በለገሃር በኩል ዞሬ፣ አልቅሼ፣ ፊቴን ቧንቧ ላይ ታጥቤ ቤት ስደርስ፣ መጀመሪያ የሰማሁት ሬዲዮናችንን ነው። እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። እማዬ ግቢ ውስጥ የመስፍንን ሸሚዝ አጥባ ታሰጣለች። አልሰማችም አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሰማችም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰርግ ቤት መሰለ። እሷ ሬዲዮኑን ስትዘጋ እንዳትጠረጥር እኔ ካሴት እከፍታለሁ። እኔ ካሴቱን ስዘጋ እሷ ትነሳለች። የሰፈሩ ሰው በበራችን ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል።

ምርጫ የምንሞላበት ቀን ደረሰ። እኔ ሙዚቃውን ትቼዋለሁ፤ እሷን ለማን ጥዬ ነው? ግን በዋዜማው ማታ "ሐረር ልሙላ" ስላት ልብስ መተኮሷን አቁማ አየችኝ።

"ምነው? ምን ሰማሽ?" አለች።

"ምንም። ምን እሰማለሁ?"

"እንግዲያ ሙዚቃሽን ሙዪው።"

እቃ አላንኳኳችም። ሴት ልጅ የፈለገችውን ትማር የሚሉበት የሴቶች ማህበር ስብሰባ ሠራባት ማለት ነው ብዬ ተገረምኩ። ሙዚቃ ብዬ ሞላሁ፤ እንዳትጠረጥር።

ማትሪክ ባለቀ ማግስት ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ከበደ ከፊት፣ አብዲ ከኋላ፣ ሌሎችም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። እኔ እማዬ ስትወድቅ ልይዛት ወደ እሷ ሮጥኩ። እማዬ እኔ ስወድቅ ልትይዘኝ ወደ እኔ ሮጠች። መሃል ቤት ተጋጨን። ተያየን። ጋሽ ከበደ መርዶውን ትቶ ለቅሶውን ጀመረ። "ከማትሪክ በኋላ ይነገራት" ብላ ወታደሩን የለመነችው እማዬ ናት። እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት እሷ ጋ ሄዶ ነበር።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን አንዷ ሴትዮ ምን እንደሞላሁ ጠየቀችኝ። ለወሬ ነው፣ ለክፋት አይደለም። "ሙዚቃ" አልኳት። "የወንድሟ ዓመት ሳይወጣ?" አለች ከኋላ ሌላዋ፣ ቀስ ብላ፣ ግን እንዲሰማ አድርጋ። ፍርሃቴ ተመለሰ። አስቀይረዋለሁ ልል ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል።

እማዬ ከፍራሿ ቀና አለች። ድምፅዋ በለቅሶ ጠፍቷል።

"ሬዲዮኑን የከፈትኩት ላንቺ ነው። ሙዪው ያልኩሽም እንዳትጠረጥሪ ነው። አሁን የሚደበቅ የለም። ትፈልጊዋለሽ?"

መዋሸት በዚያ ሰሞን በደንብ ተምሬያለሁ፤ አይ ብላት ታምነኝ ነበር። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አስተማሪ እሆን ነበር።

"እፈልገዋለሁ" አልኩ። ከድንኳኑ ውጪ የቆሙት ሳይቀሩ ሰሙኝ።

እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "እንግዲያ ሂጂ" አለች፣ "እዚህ ቤት ግን ዓመቱ ሳይወጣ፣ ለእረፍት ስትመጪም፣ አንድ ዘፈን አይሰማም።" ከዚያ ለቅሶዋን ካቆመችበት ቀጠለች።

ምደባው ወጥቷል፤ መስከረም ላይ ባቡር እሳፈራለሁ። የሰፈሩ ሴቶች ያሙኛል፤ እውነት ለመናገር እኔም አንዳንዴ ራሴን አማለሁ። ሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ከል ለብሳ የምትማር ልጅ ይቀበል እንደሆነ እንጃ። እማዬ ግን ጥቁሩን ሁለት አድርጋ አሰፍታልኛለች፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላውን እንድለብስ።